ልደተ ስምዖን፤ ሽማግሌው የተወለደበት ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጌታችንን ዐበይት በዓላት ቍጠሩ ብንባል ልደትን፣ ጥምቀትን፣ ደብረ ታቦርን፣ ሆሳዕናን፣ ስቅለትን፣ ትንሣኤን፣ ዕርገትንና ጰራቅሊጦስን ለመጥራት ብዙ አንቸገርም። ትስብእትን የሚረሳ ቢኖር አጠገቡ የተቀመጠው ያስታውሰዋል። ንኡሳን በዓላትን ቍጠሩ የተባልን እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ፣ ጌና ብለን እንጀምርና ግዝረት ላይ ስንደርስ ድምፃችን ይቀንሳል። ቃና ዘገሊላን የሚረሳ የለም፤ የጥምቀት ማግስት ነው፤ ታቦተ ሚካኤልን በእልልታ የምንሸኝበት ቀን ስለ ሆነ ሕፃኑ ሁሉ ያውቀዋል። ደብረ ዘይት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ይውላልና ሰንበቱ ራሱ ያስታውሰናል፤ መስቀልም ደመራ አለው። በመካከል ተረስቶ የሚቀረው አንድ በዓል አለ፤ እርሱም ልደተ ስምዖን ነው፤ የሚውለውም የካቲት 8 ቀን ነው።

ወራቱም በዓሉን አይረዳውም። ጥምቀት ካለፈ አራት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ነጩ ልብስ ታጥቦ ወደ ሣጥን ገብቷል። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገቡ በዓሉ በአንዱ ዓመት ከጾሙ በፊት፣ በሌላው ዓመት በጾሙ ውስጥ ይውላል። ለተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈተና ሰሞን ነው። ስለዚህ በዚያን ዕለት ማለዳ በቤተ ክርስቲያን የሚገኙት ካህናቱ፣ ዲያቆናቱና መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚቆሙ ጥቂት አረጋውያን ናቸው። ነገሩን ላሰበው ሰው ግን ይህ በዓል ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለወጣቶች፣ ይልቁንም ከመጽሐፍ ጋር ውለን ለምናድር ተማሪዎች የተሠራ ይመስላል። እንዴት ቢባል፣ ባለ ታሪኩ ስምዖን በሽምግልናው ይታወቅ እንጂ ታሪኩ የሚጀምረው በትምህርት ገበታ ላይ ነው።

አስቀድመን ወንጌሉን እንይ። ታሪኩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቍጥር 22 ጀምሮ ይገኛል። ጌታችን በቤተ ልሔም በተወለደ በ40 ቀኑ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ከአረጋዊው ከዮሴፍ ጋር ሕፃኑን ይዛ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች። ከታኅሣሥ 29 ጀምራችሁ፣ ጥርን ሠላሳ ቀን ደምራችሁ ብትቈጥሩ የካቲት 8 ላይ አርባ ይሞላል። ሕጉ ሁለት ነገር ያዝዛል። በኵር ሆኖ የተወለደ ወንድ ልጅ ለእግዚአብሔር እንዲቀርብ (ዘጸ. 13)፣ የወለደች ሴትም ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን መሥዋዕቷን ይዛ እንድትመጣ ነው (ዘሌ. 12)። እመቤታችን ንጽሕት ናትና መንጻት የሚያስፈልጋት አልነበረችም፤ ልጇም የሕጉ ባለቤት ነው። ዳሩ ግን ሕግን ይፈጽም ዘንድ ስለ መጣ ከድሆች ተራ ቆሙ። የድሆች ተራ ማለቴ በግምት አይደለም። ሕጉ የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ወፍ ይጠይቅና አቅም ላነሳት ሴት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል ይበቃታል ይላል። ሉቃስ የጻፈልን ሁለቱን ወፎች ብቻ ነው። የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግደው በግ በእናቱ ክንድ ላይ ሳለ በግ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም።

የገቡበት ቤት ደግሞ እጅግ ታላቅ ነበር። ሄሮድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20 ዓመት ገደማ ማደስ የጀመረው ቤተ መቅደስ ነው። ጌታ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ሲያስተምር አይሁድ ቤቱ 46 ዓመት እንደ ፈጀ የነገሩት ስለዚሁ ሕንፃ ነው (ዮሐ. 2፥20)። ነቢዩ ሐጌ የኋለኛው ቤት ክብር ከፊተኛው እንደሚበልጥ ተናግሮ ነበር፤ ነቢዩ ሚልክያስም ጌታ ድንገት ወደ መቅደሱ እንደሚመጣ ተናግሯል። ያም ቀን መጣ፤ ክብሩም ገባ። በግቢው ካህናት በሰሞናቸው ያገለግሉ ነበር፤ ሌዋውያን ነበሩ፤ መሥዋዕት አቅራቢው ብዙ ነበር፤ የሚሸጥ የሚለውጠውም አልጠፋም። ሁለት ወፍ ይዛ ለመጣች አንዲት ወጣት እናት ግን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስምዖንና ሐና።

ስለ ስምዖን ሉቃስ የሚነግረን ጥቂት ነው። ጻድቅና ትጉህ ሰው ነበረ፤ የእስራኤልን መጽናናት ይጠባበቅ ነበር፤ የእግዚአብሔርን መሢሕ ሳያይ እንዳይሞት በመንፈስ ቅዱስ ተነግሮት ነበር። ይህ ነገር መቼ ተነገረው? ለምንስ ተነገረው? ወንጌሉ አይገልጽም። አባቶቻችን በስንክሳርና በትምህርታቸው ያቆዩልን ታሪክ ግን ይህን ይመልሳል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነገሠው በጥሊሞስ የዕብራውያን መጻሕፍት ወደ ጽርዕ ቋንቋ እንዲተረጐሙ አዘዘ። ለዚህም ሥራ ከዐሥራ ሁለቱ ነገድ ስድስት ስድስት ሆነው 72 ሊቃውንት ተመረጡ። ስምዖን ከእነርሱ አንዱ ነበረ። ለእርሱም ትንቢተ ኢሳይያስ ደረሰው። እየተረጐመ ሲሄድ ምዕራፍ 7 ቍጥር 14 ላይ ደረሰ፤ ድንግል ፀንሳ ወንድ ልጅ እንደምትወልድ ከሚናገረው ቃል። ብዕሩም በዚያ ቆመ። ይህን እንዳለ ብጽፈው ንጉሡና የንጉሡ ሊቃውንት ይሥቁብኛል፤ ድንግል የሚለውን ትቼ ወጣት ሴት ብዬ ባልፈው ምን አለበት? ብሎ አሰበ። በልቡም፣ ነገሩስ ራሱ እንዴት ይሆናል? ሲል ተጠራጠረ። እግዚአብሔርም ይህን ነገር በዓይንህ ሳታይ ሞትን አታይም አለው። ስምዖንም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ኖረ፤ አረጀ፤ ዓይኑም ጠፋ።

ልብ በሉ፤ የስምዖን ጥርጥር ብቻውን የመጣ አልነበረም፤ ከኀፍረት ጋር ነበር። የፈራው እግዚአብሔርን አልነበረም፤ የተማሩትን ሰዎች ነው። እስክንድርያ በዚያን ዘመን የዕውቀት ከተማ ነበረች፤ ቤተ መጻሕፍቷ በዓለም የታወቀ ነበር። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ጉባኤ ፊት፣ የአባቶቹን እምነት ቃል እንዳለ መጻፍ አሳፈረው። ሃይማኖቱን ልካድ አላለም፤ አንዲት ቃል ብቻ ለስለስ ላድርግ ነው ያለው።

ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ ነውን? ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስንገባ ሃይማኖቱን በአንድ ቀን የሚክድ ጥቂት ነው። ብዙው የሚያደርገው ስምዖን ያሰበውን ነው፤ ቃሉን ማለስለስ። በመኝታ ክፍል ጨዋታ ሲነሣ፣ ትጾማለህ ወይ? ሲሉት፣ የቤተሰብ ልማድ ነው ይላል። ማተቡን አይበጥስም፤ በሸሚዙ ኮሌታ ሥር ይሸሽገዋል። ድንግል ወለደች የሚለውን አያስተባብልም፤ ነገር ግን በተማረ ሰው ፊት ሲሆን ምሳሌ ነው ለማለት ይዳዳዋል። በዕለተ ሰንበት መዝሙር የሚመራ ሰው በሰኞ ቋንቋው ሌላ ይሆናል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ የእስክንድርያ ሊቅ ያልቻለውን ኀፍረት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ባይችለው ሊያስደንቀን አይገባም።

ይልቅስ የሚያስደንቀው የእግዚአብሔር መልስ ነው። ስምዖንን አልቀሠፈውም፤ ከሊቃውንቱም መካከል አላስወጣውም። ትርጕሙንም ከእጁ ወስዶ ለሌላ አልሰጠበትም። የጽርዑ መጽሐፍ ዛሬም ሲነበብ በዚያ ስፍራ ፓርቴኖስ የሚል ቃል አለው፤ ድንግል ማለት ነው። ቃሉ ሳይለወጥ ቀረ። የግዕዙ ብሉይ ኪዳንም በአክሱም ዘመን የተተረጐመው ከዚያው ከጽርዑ ነውና ስምዖን ሊለውጠው የነበረው ቃል እኛ ዘንድ ሳይለወጥ ደርሷል። ለጥያቄው ግን በክርክር አልተመለሰለትም፤ በማስረጃ ብዛትም አልተረታም። እግዚአብሔር ያለው፣ ቆይ፤ ታያለህ፣ ነው። ከብዙ ዘመንም በኋላ ያች ድንግል ራስዋ መጥታ ልጇን በክንዱ ላይ አስቀመጠችለት። ቃሉን ሊለውጥ የፈለገው ሰው ቃልን ታቀፈ።

በመጻሕፍት የተጠራጠሩ ሌሎችም አሉ። ካህኑ ዘካርያስ ገብርኤልን በምን አውቃለሁ ቢለው ዮሐንስ እስኪወለድ ዲዳ ሆኖ ቆየ። ቶማስ ካላየሁ ካልዳሰስሁ ብሎ 8 ቀን ቆየ። ስምዖን ብዙ መቶ ዓመት ቆየ። ለሦስቱም የተሰጣቸው የመቆያ ዘመን ልዩ ልዩ ነው፤ ከሦስቱ ግን አንዱም ተጥሎ አልቀረም። እዚህ ላይ ታናናሾቻችንን ለምናስተምር ሰዎች አንዲት ነገር ልጨምር። አንድ ልጅ በጉባኤ ተነሥቶ ከባድ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ይህ መጠየቅ የለበትም፤ ዝም ብለህ እመን፣ ብሎ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ልጁ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን አይመጣም። የሀገራችን ሰው የሆነው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ላይ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊገባው እንደሚችል መልሶ ጠየቀው (የሐዋ. 8)። ፊልጶስም ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ፤ አልተቈጣውም። የኢትዮጵያ የክርስትና ታሪክ በጥያቄ መጀመሩን አንርሳ።

አሁን ደግሞ ስምዖን እስከዚያ ቀን የት እንደ ቆየ እንጠይቅ። ተስፋ ተሰጥቶታልና ቤቱ ተቀምጦ መጠበቅ ይችል ነበር። ሉቃስ ግን በመንፈስ ተመርቶ ወደ መቅደስ እንደ ገባ ይነግረናል፤ ሐናም ሌሊትና ቀን በጾምና በጸሎት እያገለገለች ከመቅደስ እንዳልተለየች ይነግረናል። ሐና ከአሴር ነገድ ነበረች፤ አሴር ደግሞ አሦራውያን ማርከው ከበተኗቸው ከሰሜኑ ነገዶች አንዱ ነው። ከባልዋ ጋር 7 ዓመት ብቻ ኖራ መበለት ሆነች፤ ሉቃስ 84 ዓመት ይቈጥርላታል። የጠፋ ወገን ልጅ፣ ትዳሯ ያልሰነበተላት ሴት፤ ግን ከቤቱ አልወጣችም።

ያ ቤት ደግሞ እንዴት ያለ ቤት ነበር? ከላይ ያየነው ሕንፃው ያማረ፣ ነገር ግን ሊቀ ካህናቱን ሄሮድስ እንደ ወደደ የሚሾምበትና የሚሽርበት ቤት ነበር። ጌታ በኋላ ጅራፍ አበጅቶ ነጋዴዎችን ያስወጣው ከዚያው ግቢ ነው። ስምዖንና ሐና ይህን አላዩም አይባልም፤ የዕለት ውሏቸው እዚያ ነበርና ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ከእኛ መካከል በአገልግሎት ጉድለት፣ በሰዎች ጠብ ወይም በአንድ ክፉ ቃል የተነሣ፣ ቤቱ ተበላሽቷልና ወጥቻለሁ የሚል አለ። ቅሬታው አንዳንዴ እውነት ነው፤ እውነት አይደለም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ስምዖንና ሐና በቤቱ ጉድለት ተቈጥተው ቢወጡ ኖሮ በዚያ ቀን ሕፃኑን የሚቀበል ሰው ባልተገኘ ነበር። ቤቱን ለማጽዳት የመጣው እርሱ ራሱ አስቀድሞ ሕፃን ሆኖ የገባው በእነዚህ በቀሩት ሁለት ሰዎች እጅ ነው።

ስምዖንስ ምን አየ? እኛ ተአምራቱን አንብበናል፤ ለምጻም ሲነጻ፣ ዕውር ሲያይ፣ አልዓዛር ሲነሣ። ስምዖን ከዚህ አንዱንም አላየም። የተራራውን ስብከት አልሰማም። መስቀሉን አላየም፤ ባዶውን መቃብር አላየም። ያየው ገና መናገር የማይችል፣ እናቱ የምትሸከመው፣ የ40 ቀን ሕፃን ነው። በእርሱም ማዳንን አየሁ፣ ለአሕዛብ ሁሉ የሚገለጥ ብርሃንን አየሁ ብሎ በሰላም ይሰናበት ዘንድ ለመነ። ሦስት መቶ ዓመት ጠብቆ የተሰጠው ጅማሬው ብቻ ነው፤ ጅማሬውም በቃው። እኛ ግን ፍጻሜውን ካላየን መጀመር ይከብደናል። ጸሎት ጀምረን በሳምንቱ መልሱን እንሻለን፤ ትምህርቱ የት ያደርሰኛል፣ ሥራስ አገኛለሁ ወይ፣ የሀገሩስ ነገር እንዴት ይሆናል እያልን በጭንቀት እንከርማለን። ጭንቀቱን አላቃልለውም፤ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ስምዖን በኖረበት ጊዜም ሀገሩ በሮም ሥር ነበረች፤ ሕፃኑን ታቅፎ በወጣበት ቀንም ወታደሮቹ ከኢየሩሳሌም አልወጡም። ያ ያማረ ሕንፃም በአውሮፓ አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ፈረሰ። የስምዖን ሰላም ከዚህ ሁሉ የተለየ ምንጭ ነበረው።

ይህን ቀን ሌሎች ክርስቲያኖችም ያከብሩታል፤ የሚጠሩበት ስም ግን ይለያያል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው መንፈሳዊት ተጓዥ ኤገርያ በዓሉ በዚያች ከተማ በታላቅ ክብር ሲከበር እንዳየች ጽፋለች። ግሪኮች ሂፓፓንቴ ይሉታል፤ መገናኘት ማለት ነው። ምዕራባውያን በእነርሱ አቈጣጠር በየካቲት ወር በ2ኛው ቀን ሻማ ባርከው በብርሃን ይዞራሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ልደት ብላ ጠራችው፤ የሚገርመው ይህ ስም ነው። ሊሞት የተሰናበተ ሽማግሌ እንዴት ተወለደ ይባላል? አባቶች ሲያስረዱ ሕፃኑን በታቀፈ ጊዜ የጠፋው ዓይኑ በራለት፤ ያረጀው ጉልበቱ እንደ ንስር ታደሰ ይላሉ። የተወለደው ያን ጊዜ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን ሁሉ እርግዝና ነበር ብንል ከትርጕማቸው የምንርቅ አይመስለኝም።

ዳዊት የደገመ ሰው ይህን ሽማግሌ ያውቀዋል። ከመቶ ኀምሳው መዝሙር ቀጥሎ ከውዳሴ ማርያም በፊት ጸሎተ ነቢያት አለ፤ ከሙሴ ይጀምርና በሐና፣ በሕዝቅያስ፣ በዮናስ፣ በሠለስቱ ደቂቅ፣ በዕንባቆም አድርጎ እየመጣ በእመቤታችንና በዘካርያስ ጸሎት ያልፋል። ከ15ቱ የመጨረሻው የስምዖን ጸሎት ነው፤ ከሁሉም አጭር ከሚባሉት ነው። ብዙ ዘመን የጠበቀ ሰው ሲናገር ብዙ አልተናገረም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እያንዳንዳችን የማናስታውሰው አንድ የራሳችን ልደተ ስምዖን ነበረን። ወንዶቹ በተወለድን በ40 ቀን፣ ሴቶቹ በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስደን ክርስትና ተነሥተናል። ቍጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን ጋር ይስማማል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። እናታችን ከወለደች በኋላ ደጁን ሳትረግጥ ሰንብታ ያን ቀን መጣች። የክርስትና አባታችን ወይም የክርስትና እናታችን እንደ ስምዖን በክንዳቸው ተቀበሉን፤ ተጠመቅን፤ ሜሮን ተቀባን፤ ማተብ ታሰረልን። በዚያው ዕለት ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀበልን።

ከዚያስ? እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በየደጀ ሰላሙ የምናየውን እናውቃለን። ቅዳሴው አልቆ መጋረጃው ሲገለጥ ለመቍረብ የሚሰለፉት በእናቶቻቸው ጀርባ ያሉ ሕፃናትና በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ናቸው። በመካከል ያለነው ግን፣ መዝሙር የምንዘምረው፣ ጽሑፍ የምናዘጋጀው፣ የምንሰብከውም ጭምር፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብለን እንቆማለን። ለምን ሲባል መልስ አናጣም። ገና ወጣት ነኝ፤ ትምህርቴን ልጨርስ፤ ትዳር ልያዝ፤ ዕድሜዬ ይብሰል፤ ያኔ እቈርባለሁ። ነገሩም መንፈሳዊ ትሕትና ይመስላል። አንዳንዱም ስምዖንን ይጠቅሳል፤ ስምዖን እንኳ በሽምግልናው አይደለምን የታቀፈው ይላል።

አይደለም ወንድሜ። ስምዖን እስከ ሽምግልና የቆየው ሕፃኑ ገና ስላልመጣ ነው። በመጣበት ቀን አንድ ሰዓት አላዘገየም፤ ነገ ተዘጋጅቼ እመለሳለሁ፣ ልብሴን ልለውጥ አላለም፤ እጁን ዘረጋ። እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። እርሱ መጥቷል፤ በመንበሩ ላይ በየቀኑ ይሠዋል፤ ካህኑ ያቀርቡታል፤ የምንቆየው እኛ ነን። የስምዖን መጠበቅ እምነት ነበር፤ የእኛ ማቆየት ምን ተብሎ እንደሚጠራ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል። ያለ ዝግጅት ሮጠን እንግባ ማለቴ እንዳይመስልባችሁ፤ ንስሐውም ጾሙም ሥርዓቱም አለ፤ ያን ሥርዓት ለማንሣት ሥልጣን ያለው የለም። ያልሁት ዝግጅቱን ዛሬ እንጀምር ነው፤ ምክንያቱም ሽበት ዝግጅት አይደለም። ስምዖን በክንዱ የታቀፈውን እኛ በአፋችን እንቀበላለን፤ ከእርሱ ይልቅ ለእኛ ተሰጥቶናል፤ እርሱ ጅማሬውን ብቻ አይቶ ነበርና፤ እኛ ግን የተሰቀለውንና የተነሣውን እንቀበላለን።

ደስታው ያለ ዋጋ እንዳልሆነ ግን ስምዖን ራሱ በዚያው ሰዓት ተናግሯል። ጌታን ከባረከ በኋላ ወደ እመቤታችን ዞሮ ይህ ልጅ ለብዙዎች መውደቅና መነሣት እንደ ተሾመ፣ በእርስዋም ነፍስ ሰይፍ እንደሚያልፍ ነገራት። በልጇ የ40 ቀን በዓል ላይ ለእናት የሚነገር ነገር ነውን? እኛ ብንሆን ኖሮ ለሌላ ቀን እናቆየው ነበር። እርሱ ግን በወጣትነቱ ቃልን የማለስለስ ፈተና ያገኘው ሰው ነውና በሽምግልናው ቃሉን አላለሰለሰም። ያን ጊዜ በንጉሥ ፊት ያፈረበትን እውነት አሁን በእናት ፊት፣ እያዘነም ቢሆን፣ እንዳለ ተናገረ። መታደሱ የታየው በዓይኑ መብራት ብቻ ሳይሆን በዚህም ይመስለኛል። ሰይፉም በ33 ዓመቱ በቀራንዮ መጣ፤ እመቤታችን በመስቀሉ ሥር ቆማ ነበር።

ሐና የተናገረችው አልተጻፈልንም። ሉቃስ የሚነግረን በዚያች ሰዓት ቀርባ እግዚአብሔርን እንዳመሰገነችና የኢየሩሳሌምን ቤዛ ለሚጠባበቁ ሁሉ ስለ ሕፃኑ እንደ ነገረች ነው። ለሚጠባበቁ ሁሉ ማለቱ ሌሎችም እንደ ነበሩ ያሳያል፤ ስማቸው ሳይጻፍ በየቤታቸው ሲጠባበቁ የነበሩ ሰዎች። አሮጊቷ በኢየሩሳሌም መንገዶች ከበር ወደ በር እየዞረች ስትነግራቸው ይታየኛል። ዮሴፍና እመቤታችን ሁሉን እንደ ሕጉ ፈጽመው ወደ ናዝሬት ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ስምዖን በወንጌል አልተነሣም። ሕፃኑ ግን ያድግ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።